ደጅ ጥናት በሊቶኒያ

ኦልድስሞቢሏ ከሎረንስቪል ወጥታ ወደ ሊቶኒያ ስትወርድ መሪውን የያዘችው ሉሊት ነበረች። አባቷ አቶ ሽፈራው ከጎኗ፣ እናቷ ወይዘሮ ወይንሸት ከኋላ ተቀምጠዋል። ሽፈራው መንዳቱን ለልጁ የተወው ሱፉ እንዳይጨማደድ ነው። ሱፉ ለዚህ ቀን ከተገዛ ሰንብቷል፤ የዘገየው ቀኑ ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ ዐሥራ ስምንት፣ 1990 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነበር። ፈረንጆቹ ገናቸውን በልተው ጨርሰዋል፤ እነ ሽፈራው ገና ጾም ላይ ናቸው። ነገ ገብርኤል ነው።

“ዛሬ ካልጠሩህ ግን ነገሩ አበቃ” አለች ወይንሸት።

“ይጠሩኛል።”

“ካልጠሩህ ነው ያልኩት።”

“ካልጠሩኝ ቃሌ ቃል ነው። ምልክቱን እነቅላለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክሜ አቶ ታዲዮስ እግር ላይ እወድቃለሁ።”

ሉሊት በመስታወቱ ወደ እናቷ አየች። “ዌይት፣ ድንጋይ? ላይክ፣ የእውነት ድንጋይ?”

“የውሸት አለ እንዴ?” አለች ወይንሸት።

“ግን ፍሪሜሶን አይደለም እኮ። ላልሆነው ነገር ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?”

“አይደለሁም” አለ ሽፈራው፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከረባቱን እያስተካከለ። “ዛሬ እሆን ይሆናል።”

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናዋ ነው።

ሽፈራው ከሱዳን የስደተኞች ሰፈር ተነሥቶ አትላንታ የገባ ሰሞን ሥራ ያገኘው ሊቶኒያ፣ የመቃብር ድንጋይ ከሚጠረብበት ግቢ ነበር። አለቃው ሚስተር ቶሊቨር የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ድንጋዩን ከመምታቱ በፊት እንደ ሐኪም በጣቱ አንኳኩቶ የሚያዳምጥ። ውሎ አድሮ አሮጌ ኦልድስሞቢሉን ለሽፈራው ለቀቀለት። ከኋላዋ፣ ከዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ፣ ኮምፓስና የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ የተቆላለፉበት የናስ ምልክት ነበራት። ሽፈራው የፋብሪካው ማርክ መስሎት በየሳምንቱ በሎሚ ይወለውለው ገባ።

የፋብሪካው አለመሆኑን የተረዳው ቤተ ክርስቲያን ነው። የሕንጻ ኮሚቴውም የዕድሩም ሰብሳቢ አቶ ታዲዮስ አንድ እሑድ ከመኪናዋ ኋላ እጃቸውን አጣምረው ረጅም ጊዜ ቆሙ። በሳምንቱ ሽፈራው በፍየል ደም ከሚማማሉት ከፍሪሜሶኖች ማኅበር እንደገባ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ከኮሚቴው አስወጡት፤ ቀጥሎ ከዕድሩ። ሆነሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እሱም ሳልጠየቅ አልመልስም አለ። ምልክቱንም አላነሣም።

“ሲኒማ አዲስ አበባ የገባ ጊዜም ሰይጣን ቤት ብለነው ነበር” ይላል ለወይንሸት። “ኋላ ተሰልፈን ገባን።”

ወይንሸት አትስቅም። እናቷ ደሴ ላይ አርፈው የተረዳች ጊዜ ጋራዡን ጠርገው፣ ታጣፊ ወንበር ደርድረው ለቀስተኛ ጠበቁ። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ዋሉ። በማግሥቱ ሚስተር ቶሊቨር ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሰዎች አስከትሎ መጣ። በሐበሻ ለቅሶ ምን እንደሚባል ስላላወቁ ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስኪመሽ ተቀመጡ። ሲወጡ አንደኛው የደጁ ደረጃ እንጨት መነቃነቁን አይቶ ከመኪናው መዶሻ አምጥቶ መታ መታ አድርጎት ሄደ። ማዶ ያለ የአገር ልጅ ይህን ተመልክቶ፣ “እዩት፣ በሙሉ ልብሳቸው መጡለት” ሲል ለአቶ ታዲዮስ መሰከረ።

ሽፈራው የቆረጠው የዚያን ዕለት ነው። ሳይሆን ከተወገዘ፣ ሆኖ ይወገዝ። ደረጃ ጠግኖ ስሙን ሳይናገር የሚሄድ ወንድም በየትም አላየም።

ማኅበሩ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ግን የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። አባቱ ባላምባራስ ይመኑ በጃንሆይ ዘመን ከአንድ ደጃዝማች ግቢ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። ጠዋት ከበሩ ይቆማሉ፤ ደጃዝማቹ ሲወጡ እጅ ይነሣሉ፤ በቅሎ ይይዛሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበሰብሳሉ። ምን ፈልገህ ነው ያላቸው የለም፤ ይህን ፈልጌ ነው ያሉትም የለም። በሰባተኛው ዓመት ደጃዝማቹ ዘወር ብለው፣ “ይህ ሰው የማን ነው?” አሉ። መሬቱም ማዕረጉም ከዚያች ቃል መጣ። “ለምኖ ያገኘ ለማኝ ነው” ይሉ ነበር ባላምባራስ፤ “ቆሞ የተጠራ ግን ባለሟል ነው።”

ስለዚህ ሽፈራው ቆመ። የቶሊቨርን የጭነት መኪና አጠበ፤ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ወሰደለት፤ ሚስቱ የሞተች ጊዜ ከሬሳ ሣጥኑ ሥር ገብቶ ተሸከመ። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። እነሆ ስምንተኛ ዓመቱ ነው፤ አባቱን በአንድ ዓመት በልጧል።

ቶሊቨርም ዝም አላለም። በምሳ ሰዓት ካልተጠረበ ግራናይት ላይ ተቀምጦ ሳንድዊቹን እየገመጠ ያወራለታል። ድሮ፣ አለው፣ በአውሮፓ ካቴድራል የሚያንጹ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ። ከአገር አገር ይዞራሉ፤ ብዙው ፊደል አይቆጥርም፤ ማን መሆኑን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። አንዱ ከማያውቁት ከተማ ሲደርስ ሙያውን የሚያስታውቅበት የእጅ ምልክትና ቃል ነበረው ይባላል። ያን ካሳየ ሥራም ማደሪያም ያገኛል።

ሽፈራው ይህን ሲሰማ የራሱን ሳንድዊች አስቀመጠ። ካርቱም ላይ ወረቀት አምጣ ያላሉት በር አልነበረም። ሰው በእጁ ብቻ የሚታወቅበት በር በዓለም ላይ ለካ ኖሯል፤ የነገረው ግን አልነበረም።

ኋላ ካቴድራሉ አለቀ፤ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ ጌቶች ገቡበት። ለንደን ላይ ከአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ትልቁን ማኅበር አቋቋሙ። ቱንቢውን፣ ውሃ ልኩን፣ ስኳድራውን የጠባይ ማስተማሪያ አደረጉት። አምላክ የለም የሚል አይገባም፤ የትኛው አምላክ ተብሎ ግን አይጠየቅም። ከውስጥ ሃይማኖትና ፖለቲካ አይነሣም። ሽፈራው ሃይማኖትና ፖለቲካ ያልተነሣበት የሐበሻ ስብሰባ አይቶ ስለማያውቅ፣ ታዲያ ምን ታወራላችሁ ማለት አማረውና ዋጠው።

“ውሃ ልክ ማለት ሰው ሁሉ እኩል ነው ማለት ነው” አለ ቶሊቨር። ጥቂት አኘከና፣ “በጆርጂያ ግን የነጮቹ ማኅበር እስከ ዛሬ አያውቀንም” ብሎ ጨመረ። ድምፁ የአየር ጠባይ የሚናገር ይመስል ነበር። “የኛ ከቦስተን ነው የመጣው። ፕሪንስ ሆል የሚባል ነፃ ጥቁር ሰው። የአገሩ ነጮች አናስገባም ቢሉት ከእንግሊዝ ወታደሮች ማኅበር ገባ። የፈቀዱለት በቅዱስ ዮሐንስ ቀን መሰለፍና የሞተባቸውን መቅበር ብቻ ነው። ለንደን ጻፈ። ደግሞ ጻፈ። ኋላ ፈቃዱን ሰጡት።” እዚህ ላይ ማኘኩን አቁሞ ሽፈራውን ትኩር ብሎ አየው። “ጠየቀ፣ ሚስተር ሺፍ። ጠየቀ።”

ሽፈራው ራሱን ነቀነቀ። በልቡ ግን፣ ምን ያለ ዓይን አውጣ ሰው ነው፣ እያለ ነበር።

የማኅበሩ አዳራሽ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቀይ ጡብ ነው። የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ሹመት ስለሚሰጥ ለዘመድና ለወዳጅ ክፍት ነበር። ቶሊቨር ሊቀመንበርነቱን ያስረክባል፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ነገ ጠዋት ዲትሮይት ልጁ ዘንድ ይሄዳል። ከእሱ በቀር ሽፈራውን ከምር የሚያውቀው እዚህ ቤት የለም። ለዚህ ነው ዛሬ ካልሆነ መቼም የማይሆነው።

ሽፈራው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማዕረጋቸውን ወደሚያውቀው እየመለሰ ለወይንሸት በሹክሹክታ ያስረዳት ጀመር።

“ምሥራቅ በኩል ባርኔጣ አድርጎ የተቀመጠው ሚስተር ቶሊቨር እንደ ራስ ነው። ከእሱ በቀር ባርኔጣ የሚያደርግ የለም። እነዚያ ሁለቱ ቀኛዝማችና ግራዝማች ናቸው። ያ በጅሮንድ፣ ያ ጸሐፌ ትእዛዝ።”

“በሩ ላይ ሰይፍ የመዘዘው ሽማግሌስ?”

“አጋፋሪ።”

“ሽርጡንስ ለምን አሸረጡት?”

“ድሮ ድንጋይ ጠራቢዎች ስለነበሩ።”

“አንተ አሁን ድንጋይ ጠራቢ ነህ” አለች ወይንሸት። “ማንም አላሸረጠህም።”

ሽፈራው ወደ ፊት አየ። ከሊቀመንበሩ ወንበር አጠገብ ሁለት ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከተራራ እንደተፈነቀለ፣ አንዱ ተጠርቦ ያለቀ። ሰው ሲገባ እንደዚያኛው ነው፤ ሲኖር እንደዚህኛው ይሆናል ብሎት ነበር ቶሊቨር። የተጠረበው ላይ ሽፈራው አንድ ጎኑ ትንሽ መሸሹን አየና ዓይኑን መለሰ። ይህን መናገር የእንግዳ ነገር አይደለም።

ቶሊቨር ተነሥቶ ተሰናበተ። ብዙ አላወራም። “በዚህ ቤት ተጋብዞ የገባ ወንድም የለም” አለ። “ሁላችንም በገዛ ፈቃዳችን፣ በገዛ እግራችን መጥተን አንኳኳን። እኛ ማንንም አንጠራም። እንጠብቃለን።” ይህን ሲል ወደ ኋላ ወንበር እያየ ነበር።

ሽፈራው ነገሩን ወደደለት። ትሕትና ነው። የኛም ሰው በሬ ጥሎ ደግሶ፣ ምንም አልሠራንም፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ ይላል። እውነት መስሎት ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ የለም።

ምግቡ ምድር ቤት ነበር። የተጠበሰ ዶሮ፣ ካም፣ ማካሮኒ በአይብ። ነጭ የለበሱ ሴቶች ሳህን ይዘው ይዞራሉ። ሽፈራው ጎመን አይቶ ደስ አለው፤ ጎመኑ ውስጥ ግን የአሳማ እግር ተጋድሟል።

“ትንሽ ላውጣልህ?” አለችው አንዷ።

“አይ፣ አመሰግናለሁ።”

ሳህኗን ይዛ ሄደች። አሜሪካ አንዴ ነው የምትጠይቀው፤ ይህን ሽፈራው በመጀመሪያው ዓመት ተርቦ ተምሮታል። በጎመን ብቻ እንደማይቆም ግን አልጠረጠረም።

ቶሊቨር በከዘራ እየተደገፈ መጥቶ ክንዱን ያዘውና ወደ ደረጃው ሥር ወሰደው። 

“ሚስተር ሺፍ፣ ነገ እሄዳለሁ። የምትጠይቀኝ ነገር አለ?”

“እግዚአብሔር መንገድዎን ያቅናልዎ እንጂ ምን እጠይቃለሁ።”

“ማንኛውንም ነገር።”

“ጤናዎን ብቻ።”

ቶሊቨር ከዘራውን ከእጅ እጅ አዛወረ። “እርግጠኛ ነህ? ደህና አድርገህ አስብበት።”

ሦስተኛው ነው። በሽፈራው አገር ሦስተኛው ላይ ባለቤቱ ክንድህን ይዞ፣ በእኔ ሞት ብሎ፣ ጎትቶ ያስገባሃል። እንግዲህ ሦስተኛውን እምቢታ ጠንከር ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሚጎትተው እጅም እንዲጠነክር።

“በጭራሽ” አለ ሽፈራው። “ከእርስዎ ምንም አልፈልግም።”

ቶሊቨር ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ሽፈራውም ምልክት ይኖርበታል ብሎ ጣቶቹን ሁሉ በጥንቃቄ ሰጠው። ምንም አልነበረበትም። ማንም ለማንም የሚሰጠው ሰላምታ ነበር።

“እሺ እንግዲህ” አለ ቶሊቨር። “ደህና ሁን፣ ሚስተር ሺፍ።”

ተሰናብተው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። አውራ ጎዳናው መግቢያ ሊደርሱ ሲሉ ወይንሸት፣ “ምን አለህ?” አለች።

“የምትጠይቀኝ አለ ወይ አለኝ።”

“አንተስ?”

“የለኝም አልኩት።”

“ስንት ጊዜ?”

“ሦስት ጊዜ።”

ሉሊት ፍሬን ያዘች። ከኋላ የነበረው መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ አልፏቸው ሄደ። “አባዬ። ኖ። አባዬ፣ እነሱ መጋበዝ አይችሉም። ሩል ነው። ክልክል ነው፣ ኦኬ? አንተ ነህ የምትጠይቀው።”

“ማን አለሽ?”

“አንዱን ሰውዬ። ጎመን እያወጣ ነበር። አባቴ ጆይን ማድረግ ቢፈልግ እንዴት ነው አልኩት። ነገረኝ።”

“እንዲሁ?”

“እንዲሁ። ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ።” ድምፅዋ ቀነሰ። “ደግሞ… ልንገርህ? አባትሽን ስንት ዓመት ጠበቅነው አለኝ። ብራዘር ቶሊቨር በየዓመቱ ዘንድሮ ይጠይቀኛል ይላል አለኝ። እኛ ግን ሰውየው አይፈልገንም፣ እምነቱ አይፈቅድለት ይሆናል ብለን ተወነው አለኝ።”

ሽፈራው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከመንገዱ ዳር የጎማ መሸጫ ነበር፤ እያንዳንዱን ጎማ እስኪያውቀው ድረስ አየው።

“መልሺው መኪናውን” አለች ወይንሸት። “ስሚኝ፣ መልሺው። ወይ ዛሬ ጠይቆ ይግባ፣ ወይ ነገ ከዕድሩ ጋር ያስታርቀኝ። ሬሳዬን ባዶ ታጣፊ ወንበር ሲጠብቀው አይውልም።”

ሉሊት አዞረች።

አዳራሹ ደጅ መኪናው ተመናምኗል፤ ሴቶቹ ትሪዎቻቸውን ይዘው ሄደዋል። ፎቅ ላይ ወንድማማቾቹ ለብቻቸው ተሰብስበዋል፤ በሩ ተዘግቷል። ሽፈራው ደረጃውን ሲወጣ የሚለውን እያሰናዳ ወጣ። አጭር ነው። መግባት እፈልጋለሁ። በአማርኛም አጭር ነው፣ በእንግሊዝኛም አጭር ነው። ትግርኛም ይችላል፤ እሱም አጭር ነው።

ከላይ አጋፋሪው ሰይፉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሽፈራውን ሲያይ ተነሣ። የወይንሸት እናት ለቅሶ ላይ ደረጃውን የመታው ሰው ነበር።

“ሚስተር ሺፍ” አለ፣ በደስታ። “ምን ፈልገህ ነው?”

ይኸው ተጠየቀ። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል በቃሉ ያለው የመጀመሪያው ሰው ነው። ከበሩ ወዲያ የቶሊቨር ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ነገር ብሎ ሌሎቹ ይስቃሉ። ሽፈራው አፉን ከፈተ። አባቱ ታዩት፣ ከደጃዝማቹ በር ላይ፣ ዝናብ እየወረደባቸው። እሳቸው አንዲት ቃል ተናግረው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዝናብ ዝናብ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን እሱ ቢጠይቅ፣ ያ ሁሉ ዘመን ደጅ ጥናት መሆኑ ይቀርና እንዲያው መገተር ይሆናል፤ በመጀመሪያው ቀን ሊባል የሚችል ነገር ነበርና።

“ባርኔጣዬን ረስቼ ነው” አለ።

አጋፋሪው ከግንባሩ ከፍ አድርጎ አየው። ጨዋ ሰው ስለነበር አልሳቀም።

“ባርኔጣህ ራስህ ላይ ነው” አለ በቀስታ።

ሽፈራው እጁን ወደ ራሱ ሰዶ ዳሰሰው። “አዎ” አለ። “አገኘሁት። አመሰግናለሁ።”

“ሌላስ የምትፈልገው አለ?”

“የለም።”

ሲወርድ ሁለቱ ሴቶች ፊቱን አይተው አልጠየቁትም። “ወደ ሥራ ቦታዬ ንጂው” አለ ሉሊትን። የድንጋዩ ግቢ ሩቅ አልነበረም፤ ቁልፉም እሱ ዘንድ ነው።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ወይንሸት ከሽፈራው ኋላ ኋላ እየተከተለች ድንጋይ መረጠችለት፣ እንደ ገበያ። “ያቺ ትንሿ አትሻልም? አንገትህን።”

“ያቺ የተጠረበች ናት። በተጠረበ ድንጋይ ይቅርታ አይጠየቅም፤ ሐውልት ሊያቆም የመጣ ይመስላል።” ከክምሩ ሥር ያልተነካች አንዲት ግራናይት ስቦ አወጣ። ማጅራቱ ላይ አውጥቶ ሞከራት። ትከብዳለች፤ አትገድልም። ሱፉ ላይ ነጭ ዱቄት ረገፈ።

“አባዬ፣ አይደለሁም በላቸው በቃ” አለች ሉሊት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። “ሜሶን አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም በል።”

“ጠየቁኝ?”

“ሳይጠይቁህ ንገራቸው።”

“ልጄ” አለ ሽፈራው፣ “እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚሆንልኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፎቅ ላይ ነበርኩ።”

መሮና መዶሻ አመጣ። ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኮ መሮውን ከናሱ ሥር አስገባና ሁለቴ ነካ አደረገው። ምልክቱ ወልቆ እግሩ ሥር ወደቀ። ወይንሸት ጣለው አለችው፤ ናስ አይጣልም ብሎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ሦስቱም ክዳኑን አዩ። መኪናዋ ሲገዛት ሰማያዊ ነበረች፤ የጆርጂያ ፀሐይ አመድ አድርጓታል። ምልክቱ የነበረበት ቦታ ግን ፀሐይ አልነካውም። ኮምፓሱና ስኳድራው እንደተቆላለፉ፣ ጥርት ባለ ሰማያዊ፣ ትላንት የተቀባ ይመስል ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። ናሱ እንዲህ ታይቶ አያውቅም።

ሽፈራው በመዳፉ አሸው። አልለቀቀም።

“ከሩቅ ይታያል?” አለ።

ወይንሸት ወደ ኋላ ተራምዳ አየችው። “ቄሱ ከመቅደስ ሆነው ያዩታል።”

ድንጋዩን ከመጫኛው ውስጥ አጋድመው ክዳኑን ዘጉበት። ሉሊት ሞተሩን አስነሣች። “ነገ ግድግዳ አስጠግቼ በኋላ ማርሽ ፓርክ አደርገዋለሁ” አለች።  ግራናይቱ ከኋላ ስለከበዳት ኦልድስሞቢሏ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ከግቢው ወጣች፤ ለሚያያት ኮርታ የምትሄድ ትመስል ነበር።